ያለ ሮቦትና ያለ ላብራቶሪ፦ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ሳይንስ ላይ ስቴም እንዴት ይሠራል?

ስቴም (ሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ምህንድስናና ሒሳብ አንድ ላይ) ሲባል ብዙ መምህር ቶሎ የሚመጣበት ሮቦት፣ ሶላር ፓኔልና ኮምፒውተር ላብ ነው። ከዚያ ወደ ራሱ ክፍል ዞር ሲል ስልሳ ምናምን ልጅ፣ አንድ ሰሌዳና ግማሽ ፓኬት ጠመኔ ያያል። "ይሄማ ለእኛ አይደለም" ይልና ነገሩ እዚያው ያበቃል።

ስቴም ያን ያህል የተወሳሰበ ነገር አይደለም። ለልጆቹ አንድ ችግር ትሰጣላችሁ። መፍትሔ ብለው ያሰቡትን ይሠራሉ፣ ይለካሉ፣ ካልሆነላቸው አስተካክለው እንደገና ይሞክራሉ። በቃ ይሄው ነው። ከእነዚህ ሁሉ የሚቀረው ደግሞ ሁልጊዜ የመጨረሻው ነው። ብዙ ቦታ "ፕሮጀክት" ተብሎ የሚሠራውን እዩት፤ ልጆቹ አንዴ ይሠራሉ (አንዳንዴ እንዲያውም ወላጅ ነው የሚሠራላቸው)፣ ለወላጆች ቀን ጠረጴዛ ላይ ይደረደራል፣ ፎቶ ይነሳል፣ አለቀ። ያልሠራው ለምን እንዳልሠራ የጠየቀ ሰው የለም። ከዚህ በታች የምጽፈው እንግዲህ ለዚያች ለሁለተኛዋ ሙከራ እንዴት ጊዜ እንደሚገኝ ነው።

በነገራችን ላይ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ለዚህ ነገር ምቹ ነው። ድሮ ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስ ተብሎ ሦስት መምህር ይገባበት የነበረው አሁን ሰባተኛና ስምንተኛ ላይ ጄነራል ሳይንስ ሆኗል። በኬሚስትሪ ለተመረቀ ሰው ስለ ሴል ማስተማር ራስ ምታት መሆኑ ይገባኛል። ግን ውሃ ስታጣሩ "ይሄ የእኔ ትምህርት ነው፣ ያ የእሱ ነው" የሚላችሁ የለም። ክፍለ ጊዜውም የራሳችሁ ነው።

ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ላስተምር ብላችሁ ግን እንዳትነሱ፣ በሁለት ሳምንት ትተዉታላችሁ። በሴሚስተር አንድ ምዕራፍ፣ ቢበዛ ሁለት ይበቃል። ሌላውን እንደለመዳችሁት አስተምሩ።

መጀመሪያ ቴርሞሜትርና ውሃ

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሞክሩ ከሆነ ከዚህ ጀምሩ፣ የሚፈጀው አንድ ክፍለ ጊዜ ነው። መጽሐፉ ውሃ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል ይላል፣ ልጆቹም ሸምድደውታል። አዲስ አበባ ላይ ግን ውሃ አፍልታችሁ ቴርሞሜትር ብትከቱበት 92 አካባቢ ይደርስና ይቆማል። ውሃው እየተንፈቀፈቀ፣ እሳቱ እየነደደ ንቅንቅ አይልም።

ክፍሉ በአንድ ድምፅ "ቲቸር ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል!" ይላል። እዚህ ጋ ዝም በሉ። ከባድ ነው፣ አውቃለሁ፤ መምህር መልስ አፉ ላይ ሲመጣ መዋጥ አይችልም። ግን ዝም በሉና "መበላሸቱን በምን እናረጋግጥ?" ብላችሁ መልሳችሁ ጠይቁ። አንዱ ሌላ ቴርሞሜትር አምጡ ይላል። ሌላዋ በረዶ ውስጥ እንክተተው ትላለች፤ ይቺን ልጅ ያዟት። የሚቀልጥ በረዶ ውስጥ ከትታችሁ ዜሮን ካሳየ ቴርሞሜትሩ ጤነኛ ነው። እንግዲያው የተለየው ውሃው ያለበት ቦታ ነው ማለት ነው።

ከፍታ ከዚህ በኋላ ይግባ። ከባሕር ጠለል በላይ በየ300 ሜትሩ የመፍያው ነጥብ ወደ 1 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስላለች ሒሳቡ ልክ ይመጣል። አሁን ራሳቸው ያስሉት፦ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ፣ ድሬዳዋ 1,200 ገደማ፣ ደብረ ብርሃን 2,800 ገደማ። 94፣ 96፣ 91 አካባቢ ይመጣላቸዋል። ሒሳቡ እንግዲህ እዚህ ገባ፤ ደግሞ ለመልመጃ ተብሎ የተፈጠረ ቁጥር አይደለም፣ የሚያውቁት ከተማ ነው።

ምህንድስናው ደግሞ ወጥ ቤት አለ። ባቄላና ሽንብራ ደጋ ላይ ለምን አልበስል ይላል? ፕሬዠር ኩከርስ ምን አድርጎ ነው የሚያፈጥነው? ልጆቹ "እኛም እንፋሎት የሚያፍን ድስት እንሥራ" ማለታቸው አይቀርም። ወረቀት ላይ ይሳሉት፣ እንዲሠሩት ግን እንዳትፈቅዱ፣ ይፈነዳል። ሌላም አለ፦ የትኩሳት መለኪያ ቴርሞሜትር የሚፈላ ውሃ ውስጥ አይገባም። እሱ የተሠራው እስከ 42 ዲግሪ ድረስ ነው፣ ይሰበራል። ምድጃውንም እናንተ ያዙት፣ ልጆቹ ራቅ ብለው ያንብቡ።

ትልቁ ሥራ፦ የውሃ ማጣሪያ

ለዚህ ሦስት ክፍለ ጊዜ ያስፈልጋችኋል። ድብልቅ ነገሮችን ስለ መለየት የምታስተምሩበት ምዕራፍ ላይ አስገቡት፣ ያኔ ከትምህርቱ አልወጣችሁም ማለት ነው።

ዕቃው ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ፣ ጠጠር፣ አሸዋ፣ ከሰል፣ ጥጥ ወይም የተቀደደ ነጠላ ቁራጭ፣ ላስቲክ። ሃይላንዱን ቀድማችሁ ራሳችሁ ከወገቡ ቁረጡት፤ ክፍል ውስጥ ምላጭ ለስልሳ ልጅ አይታደልም። የላይኛው ግማሽ ተገልብጦ እንደ ማጥለያ ከታችኛው ላይ ይቀመጣል። የቆሸሸውን ውሃ በአንድ ትልቅ ባልዲ አዘጋጁ፣ ለሁሉም ቡድን ከዚያው ይቀዳ። አንዱ ቡድን ጭቃ፣ ሌላው ንጹሕ ከወሰደ ማወዳደር የለም። (ይሄን ራሱ ልጆቹን ጠይቋቸው፦ "ለምን ከአንድ ባልዲ?")

አሁን መለኪያው። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል፣ "የእኛ የበለጠ ጠራ"፣ "አይ የእኛ" ተብሎ ጭቅጭቅ ይሆናል። ነጭ ወረቀት ላይ በወፍራም እስክሪብቶ የመደመር ምልክት ይሳሉ። ታቹ ጠፍጣፋና ረዘም ያለ ብርጭቆ በላዩ ላይ ያስቀምጡ። ከዚያ ከላይ ወደታች እያዩ ውሃውን ቀስ ብለው ይጨምሩ፣ ምልክቱ ከዓይን ሲጠፋ ያቁሙ። የውሃውን ከፍታ በማስመሪያ ይለኩ። ጭቃ ውሃ ሁለት ሴንቲሜትር ሳይሞላ ምልክቱን ይውጠዋል፣ የተጣራው ብዙ ይሄዳል። ብርጭቆው ሞልቶም ካልጠፋ "ከ12 በላይ" ብለው ይጻፉ፣ ወይ ብርጭቆው የያዘውን ያህል። ድፍርስነት ቁጥር ሆነ ማለት ነው። ገንዘብ አልወጣበትም፤ ጭቅጭቁም ቀረ።

አንድ ነገር ጨምሩበት፦ በጀት። ሰሌዳው ላይ የዋጋ ዝርዝር ጻፉ። አንድ ኩባያ አሸዋ 2 ብር፣ ጠጠር 1 ብር፣ ከሰል 4 ብር፣ ጥጥ 3 ብር። እያንዳንዱ ቡድን ያለው 10 ብር ነው፣ የወረቀት ብር። ያለ በጀት ከሆነ ሁሉም ያለውን ዕቃ በሙሉ ይጠቀጥቀዋል፣ ማሰብ የለም። በጀት ሲኖር ግን "ከሰሉን እንተወውና አሸዋ እንጨምር" የሚል ክርክር ይጀመራል። ክርክሩ ሞቅ ካለ አትቆጡ፣ የምትፈልጉት እሱን ነው።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ችግሩን ማቅረብ፣ መሳልና መገመት ብቻ ነው። እያንዳንዱ ልጅ በደብተሩ "ውሃው እስከ ስንት ሴንቲሜትር የሚሄድ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም…" ብሎ ይጻፍ። ዕቃ አይነካም። ዕቃ ከተነካ ማሰብ ያበቃል።

በሁለተኛው ቀን ይሠራሉ፣ ያጣራሉ፣ ይለካሉ። እና አብዛኛው ቡድን ይወድቃል! ከሰሉ ስላልታጠበ የሚወርደው ውሃ ከገባው የጠቆረ ይሆናል። አሸዋውን ታች፣ ጠጠሩን ላይ ያደረጉት አሸዋው በአፉ ሾልኮ ይወርድባቸዋል። ጥጡን ግጥም አድርገው የጠቀጠቁት ደግሞ ጠብታ ሲጠብቁ ደወል ይደወላል። ልጆቹ ያዝናሉ፣ አንዳንዱም ይናደዳል። "ከሰሉን እጠቡት" እንዳትሉ። "ጥቁሩ ከየት የመጣ ይመስላችኋል? ለማወቅ ምን ብቻውን ትሞክራላችሁ?" ብላችሁ እለፉ። አንዱ ቡድን ንጹሕ ውሃ በከሰሉ ብቻ ሲያሳልፍ ያገኘዋል፣ ከዚያ ወሬው በአምስት ደቂቃ ክፍሉን ያዳርሳል። ኩረጃ ነው? ይሁን፣ እንዲህ ያለው ኩረጃ ይለመዳል።

ሦስተኛው ቀን ሁለተኛው ሙከራ ነው። አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ፣ ሁለት ነገር ከቀየሩ የትኛው እንደሠራ አያውቁም። እንደገና ይለካሉ፣ በዚህ ጊዜ ግማሽ ሊትር ለማጣራት ስንት ደቂቃ እንደፈጀም ይይዛሉ። በጣም የጠራው ውሃ አብዛኛውን ጊዜ በጣም የዘገየው ሆኖ ይገኛል። ታዲያ የትኛው ማጣሪያ ይሻላል? አምስት ሰው ያለበት ቤት በቀን 20 ሊትር ቢፈልግ ይሄ ማጣሪያ ስንት ሰዓት ይፈጅበታል? ማባዛትና ማካፈል ብቻ ነው፣ ግን መልሱን ሲያዩ ይደነግጣሉ። ትክክለኛ መልስ የሌለው ጥያቄ መሆኑ መጀመሪያ ያደናግራቸዋል፣ ይለምዱታል።

ውሃው አይጠጣም። ይህን በትልቁ ሰሌዳው ላይ ጻፉት፣ ምክንያቱም የጠራ ውሃ ያየ ልጅ መቅመሱ አይቀርም። ጀርም አሸዋውን አልፎ ይመጣል። ባዮሎጂው በዚህ ይግባ፦ ለዓይን የጠራ ሁሉ ንጹሕ እንዳልሆነ፣ ማፍላት ለምን እንዳስፈለገ፣ የጠራ ውሃ በሚያሳይ ጠርሙስ ተሞልቶ ጠራራ ፀሐይ ላይ ለስድስት ሰዓት ያህል ቢቀመጥ ጨረሩ አብዛኛውን ጀርም እንደሚገድል። ሽፈራው የሚበቅልበት አካባቢ ካላችሁ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ። የተፈጨ የሽፈራው ዘር ድፍርስ ውሃ ውስጥ ሲገባ ዘሩ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ቆሻሻውን እያያያዘ ወደ ታች ያዘቅጠዋል። ይህን ከአሸዋው ማጣሪያ ጋር ማወዳደር ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ቡድንን በተመለከተ

አምስት ወይም ስድስት ልጅ ይበቃል። ለእያንዳንዱ ሥራ ስጡት፦ የሚገነባ፣ የሚለካ፣ የሚመዘግብ፣ ጊዜ የሚይዝ፣ ዕቃ የሚያመጣና የሚመልስ። በየቀኑ ይቀያየሩ። ይሄ ካልተደረገ ምን እንደሚሆን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፦ ወንዶቹ ዕቃውን ይይዛሉ፣ ሴቶቹ "ጽሕፈትሽ ያምራል" ተብለው ጸሐፊ ይሆናሉ። ጎበዟም ልጅ አሸዋ ሳትነካ ሦስት ቀን ያልፋል። መቀያየሩን ለእነሱ አትተዉት፣ እናንተ ስም ጥሩ።

ሌሎች፣ ባጭሩ

አሲድና ቤዝ ላይ ሊትመስ ወረቀት ከሌለ ከርከዴ አለ። በሙቅ ውሃ ዘፍዝፉት፤ ሎሚ ሲገባ ቀዩ ይደምቃል፣ ቤኪንግ ሶዳ ወይም የአመድ ውሃ ሲገባ ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይሄዳል። እዚያ ላይ ካቆማችሁ ግን ትርኢት ብቻ ነው። ችግር ስጡት፦ በደጋው አገር የአፈር አሲዳማነት ገበሬውን የሚያስቸግር ነገር ነው፣ ኖራ የሚበተነውም ለዚህ ነው። የሎሚ ጭማቂ የተጨመረበትን ውሃ እንደ አሲዳማ አፈር ውሰዱት፣ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት እንደ ኖራ። ቀለሙ እስኪለወጥ ስንት ማንኪያ ፈለገ? ደቀቅ ያለው ነው ወይስ ሸካራው የሚፈጥነው? ትክክለኛውን ኖራ ለልጆች አትስጡ፣ ዓይን ያቃጥላል።

እንቅስቃሴና ጉልበት ላይ እንቁላል መጣል የተለመደ ነው፣ ግን በዛሬ የእንቁላል ዋጋ ማን ይጥላል? ጠመኔ ጣሉ። ሙሉ ጠመኔ ከፎቅ ሲወድቅ ይሰበራል። ለእያንዳንዱ ቡድን ሁለት የደብተር ወረቀት፣ አንድ ፌስታልና ክር ስጡና "ሳይሰበር አውርዱት" በሉ። ፎቅ ከሌለ ዴስክ ላይ ቁሙና ከእጃችሁ ልቀቁት። የሚወርድበትን ጊዜ ሦስት ጊዜ ይለኩ፣ አማካዩን ይውሰዱ።

የእኔ ተወዳጅ ግን የጥላ ሥራ ነው። አንድ ሜትር ዱላ ሜዳ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ትከሉ። የባንዲራውን ምሰሶ ቁመት በጥላ ማወቅ የሬሾ ትምህርት ነው፣ ቀላል ነው፣ አንድ ቀን ይበቃዋል። የሚገርመው ሌላው ነው። ሚያዝያ 5 ገደማ፣ አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ በእኩለ ቀን ልክ አናት ላይ ትሆናለች፣ የዱላው ጥላ ጥፍት ይላል። ከዚያ በፊት በእኩለ ቀን ጥላው ወደ ሰሜን ይወድቅ ነበር፣ ከዚያ በኋላ እስከ ነሐሴ መጨረሻ አካባቢ ወደ ደቡብ ይወድቃል። ልጆቹ በየሳምንቱ እየለኩ ቢመዘግቡ በዓይናቸው ያዩታል። ጎንደር ያላችሁ ዐሥር ቀን ያህል ጠብቁ።

ታዲያ ልክ 6 ሰዓት ላይ ወጥታችሁ ጥላው ካልጠፋ አትደንግጡ። የሚጠፋው 6:25 አካባቢ ነው። ምክንያቱም ሰዓታችን የተሞላው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ነው፣ አዲስ አበባ ያለችው ደግሞ 38.7 ላይ ነው። መሬት በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር ለአንዱ ዲግሪ 4 ደቂቃ ይደርሰዋል፤ ለ6.3 ዲግሪ ደግሞ 25 ደቂቃ። ይህን የስምንተኛ ክፍል ልጅ ራሱ ሊያሰላው ይችላል፣ ሲያሰላውም የእጅ ሰዓቱን ሁለተኛ እንደ ድሮው አያየውም።

ቴክኖሎጂውስ?

የተማሪ ስልክ ግቢ አይገባም፣ ደግም ነው። የእናንተ አንድ ስልክ ይበቃል። ስቶፕዎች አለው፣ የጠመኔውን አወዳደቅ በስሎው ሞሽን ቀርጾ ያሳያል። ላፕቶፕና ፕሮጀክተር ካገኛችሁ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጃቸው ፌት የሚባሉ ነጻ ሲሙሌሽኖች አሉ፤ አንዴ ካወረዳችኋቸው ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። ግን ቅደም ተከተሉን ጠብቁ፦ ልጆቹ መጀመሪያ በእጃቸው፣ ከዚያ በስክሪን። ለጎበዞቹ ደግሞ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ የተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች የስቴም ማዕከል አላቸው፣ አካባቢያችሁ ያለውን ጠይቁ።

ማርክና ሚኒስትሪ

ማርክ ለጠራው ውሃ አትስጡ። የጠራ ውሃ ላይ ማርክ ካስቀመጣችሁ ልጆቹ ቁጥር ይፈጥራሉ፣ አትጠራጠሩ። ከተከታታይ ምዘናው 10 ማርክ ውሰዱና 2 ለግምቱ፣ 3 ለሠንጠረዡ፣ 5ቱን "ሁለተኛው ላይ ምን ቀየርክ፣ ለምን፣ ምን ተገኘ?" ለሚለው አድርጉት። ይሄኛው ለየብቻ በደብተር የሚጻፍ እንጂ የቡድን አይደለም፣ አለዚያ አንዷ ጽፋ አምስቱ ይገለብጣሉ። ውጤቱ የባሰበት ልጅም ምክንያቱን በደንብ ካስረዳ 5ቱን በሙሉ ይውሰድ። መጀመሪያ ይህን አያምኑም፣ አንዴ ሲሰጡ ካዩ ግን የደብተሩ ቁጥር ሁሉ እውነተኛ ይሆናል።

"ፈተና አለብን፣ ምዕራፍ አላለቀም" የሚለው ጭንቀት ውሸት አይደለም። ስምንተኛ ክፍል የምታስተምሩ ከሆነ በሁለተኛው ሴሚስተር ወላጁም፣ ርዕሰ መምህሩም፣ ልጁም የሚያወራው ስለ ሚኒስትሪ ብቻ ነው። ስለዚህ ትልቁን ሥራ የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ አድርጉት። ማጣሪያው የሚወስደውን ሦስት ክፍለ ጊዜ ደግሞ በኖት ማስጻፍ ከሚባክነው አምጡት፤ ኖቱን አባዝታችሁ ስጡ፣ ወይ ከመጽሐፉ እንዲያነቡ የቤት ሥራ ይሁን። ከምዕራፉ የሚመጡትን የምርጫ ጥያቄዎች በሦስተኛው ቀን መጨረሻ ዐሥር ደቂቃ ሥሩ፣ "ይሄ ፊልትሬሽን የሚባለው ትናንት የሠራችሁት ነው" ብላችሁ አያይዙት። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ በሚሰጥበት ቦታም ቡድን ውስጥ በአማርኛም ይሁን በቤታቸው ቋንቋ ይከራከሩ፣ ደብተር ላይ ሲጽፉ ቃላቱን በእንግሊዝኛ ይያዙ።

ሱፐርቫይዘር በመሃል ከገባና ክፍሉ ገበያ ከመሰለበት አትሸማቀቁ። ሌሰን ፕላኑ ላይ ዓላማውን፣ የየቀኑን ሥራና የማርክ አሰጣጡን ቀድማችሁ ጽፋችሁ አስፈርሙ፤ የተፈረመ ወረቀት ብዙ ጥያቄ ያስቀራል። ርዕሰ መምህሩንም በሦስተኛው ቀን ጋብዙት፣ በመጀመሪያው ሳይሆን። ዕቃውን ደግሞ አትጣሉ። አሸዋና ጠጠሩን አጥባችሁ አድርቃችሁ በማዳበሪያ ጆንያ ፔዳጎጂ ማዕከሉ ውስጥ አስቀምጡት፣ ሃይላንዶቹን ደራርቡ፣ ላዩ ላይ የክፍሉንና የምዕራፉን ስም ጻፉበት። የሚመጣው ዓመት ዝግጅቱ ግማሽ ሰዓት አይፈጅባችሁም፣ ጎን ያለው ሴክሽን መምህርም "እስቲ አውሰኝ" ማለቱ አይቀርም።